የጤና ጣቢያ ማስፋፊያችን ስድስት ወር ዘገየ፤ ሪፖርቱ 85 በመቶ ይላል፣ አገልግሎት ግን የለም

የማኅበረሰብ ክፍል (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ድርጅታችን ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለ የአበባ እርሻ ነው። በማኅበረሰብ ልማት በጀቱ የወረዳውን አንድ ጤና ጣቢያ እያስፋፋ ይገኛል። ሥራው ሁለት የማዋለጃ አልጋ የሚይዝ ክፍል ከ6 የድኅረ ወሊድ አልጋ ጋር፣ 8 አልጋ ያለው የእናቶች ማቆያ፣ ጥልቅ ጉድጓድ ከነሮቶው እና የሕክምና መሣሪያ ነው። ውሉ ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ መጀመሪያ ተፈረመ፣ የተሰጠው ጊዜ 240 ቀን ነው፣ ነሐሴ ላይ ማለቅ ነበረበት። አሁን ጥር እየተገባደደ ነው።

ያለንበት ሁኔታ እንዲህ ነው። ሕንፃው በአማካሪው ሪፖርት 85 በመቶ ደርሷል፤ ጣሪያው ተመቷል፣ ልስኑ አልቋል፤ ሴራሚክ፣ በርና መስኮት፣ የመብራትና የሳኒተሪ ዕቃ ይቀራል። ተቋራጩ ሳይት ላይ የሚያውለው አራት ሰው ብቻ ነው፤ ዋጋ ይስተካከልልኝ ይላል። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ውሃ ወጣ፤ ነገር ግን የላቦራቶሪው ውጤት ፍሎራይድ (ሲበዛ ጥርስ የሚያበልዝ የውሃ ማዕድን) በሊትር 3.4 ሚሊግራም ስላለ ፓምፕ መትከሉን አቆምን። መሣሪያው ከውጭ ታዟል፤ ሻጩ «ለመጫን ዝግጁ ነኝ፣ ልላክ ወይ?» እያለ ነው። ወረዳው ደግሞ «ጨርሱና እንረከባለን» ከማለት በቀር ሌላ ነገር አልነገረንም።

ዋናው መሥሪያ ቤት በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ይፈልጋል። አንዴ 80፣ አንዴ 85 ብለን ላክን። ነዋሪው የመሠረት ድንጋይ በተጣለበት ዕለት የተነገረውን ቀን ይዞ ይጠይቀናል፤ መብቱም ነው። በጤና ጣቢያው አሁን ያለችው አንዲት የማዋለጃ አልጋ ስትያዝ እናቶች ምጥ ይዟቸው በባጃጅ ወደ ከተማው ሆስፒታል ይሄዳሉ። ከዚህ ሁሉ ቋጠሮ የቱን ቀድመን እንፍታ?


የሳይት መሐንዲስ፦

85 በመቶ የሚለው የብር መቶኛ ነው፤ የሥራ መቶኛ አይደለም። ብረት፣ ኮንክሪት፣ ብሎኬትና ጣሪያ ብዙ ብር ስለሚይዙ ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ይወጣል። የቀረው 15 በመቶ በገንዘብ ትንሽ ይመስላል፤ በዓይነት ግን ከሁሉ የሚበዛውና አንዱ ሌላውን የሚጠብቀው እሱ ነው። የቧንቧው ግፊት ሳይሞከር የግድግዳ ሴራሚክ ከተለጠፈ፣ በኋላ ውሃ ሲያንጠባጥብ የሚፈርሰው ሴራሚኩ ነው። የኤሌክትሪክ ኮንዲዊት (ገመዱ የሚያልፍበት ቱቦ) ሳይጨረስ ቀለም ከተቀባ ግድግዳው እንደገና ይሰነጠቃል።

ተቋራጩ ለምን አራት ሰው ብቻ እንዳሰማራ በሒሳብ እንየው። ውላችሁ እንደተለመደው 30 በመቶ ቅድመ ክፍያና 5 በመቶ መያዣ (ከየክፍያው ተቀንሶ የሚቆይ ገንዘብ) ካለው፣ የውሉን ዋጋ 100 ብር እንበል። 85 ብር የሚያወጣ ሥራ ሲሠራ ከቅድመ ክፍያው የተመለሰው 25.50 ነው፤ 4.50 ይቀራል። ስለዚህ ቀሪውን የ15 ብር ሥራ ቢሠራ 4.50 ለቅድመ ክፍያ፣ 0.75 ለመያዣ ተቆርጦ እጁ የሚገባው 9.75 ነው፤ ግብሩ ሳይቆጠር። የቀረው ሥራ ደግሞ አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው፤ ሴራሚክ፣ ገመድ፣ ሶኬት፣ የእጅ መታጠቢያ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የእነዚህ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሰውየው ሥራውን ጥሎ ቢወጣ የሚከሰስ ሆኖበት፣ ቢጨርስ ደግሞ የሚከስር ሆኖበት መሐል ላይ ቆሟል። ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መደርደር ይህን አይፈታም።

በቅጣት ታስገድዱት እንደሆነም ውላችሁን እዩ። በመንግሥት መደበኛ ውል የመዘግየት ቅጣቱ በቀን ከሺህ አንድ፣ ጣሪያው ደግሞ ከውሉ ዋጋ 10 በመቶ ነው። የእናንተም ተመሳሳይ ከሆነ ጣሪያው በመቶኛው ቀን ሞልቷል። ከዚያ ወዲህ ቢዘገይም ባይዘገይም ለእሱ ልዩነት የለውም።

ዛሬውኑ፣ ይህን እያነበባችሁ ሳለ ሊሠራ የሚገባው አንድ ነገር አለ። የውል ማስከበሪያውንና የቅድመ ክፍያውን ዋስትና ከፋይል አውጥታችሁ የሚያበቁበትን ቀን እዩ። ዋስትና የሚሰጠው የውሉን ጊዜ ጥቂት ወር አሳልፎ ነው፤ ሥራው ስድስት ወር ሲዘገይ ዋስትናው ሳይታወቅ ያልፍበታል። ካለፈ በኋላ ባንኩ አንድ ብር አይከፍልም። ሊያልፍ ከተቃረበ፣ ወይ እንዲራዘም ወይ እንዲከፈል የሚጠይቅ ደብዳቤ ቀኑ ሳይደርስ ለባንኩ ይግባ። የኢንሹራንስ ዋስትና ከሆነ ደግሞ «ያለ ቅድመ ሁኔታ» የሚል ቃል እንዳለበት አንብቡ፤ ከሌለው መጀመሪያ ጥፋቱን አስረዱ ይሏችኋል።

ቀጥሎ የጋራ ልኬት። እናንተ፣ አማካሪውና ተቋራጩ የሥራ ዝርዝሩን ይዛችሁ ክፍል በክፍል ዙሩ። እያንዳንዱን መስመር «አልቋል»፣ «አላለቀም»፣ «ተሠርቷል ግን ይስተካከል» በሉና እዚያው ተፈራረሙ። ለስድስት ክፍል ከአንድ ቀን አይበልጥም። በዚያው ዙር በሮቹን በሜትር ለኩ። የማዋለጃ ክፍል በር 90 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ከተገጠመ ቃሬዛ በቀጥታ ሊገባ ይችላል፤ አልጋ ግን ዞሮ አይገባም፤ 1.20 ሜትር ይሁን። በሩ ገና ስላልተገጠመ አሁን ብሎኬት ማንሳት ቀላል ነው። የመወጣጫው ተዳፋትም ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት መሆኑን አረጋግጡ።

ለገንዘቡ ቋጠሮ የሚሠራው መፍትሔ በተጨማሪ ስምምነት ዕቃውን እናንተ በቀጥታ መግዛት ነው። ሴራሚክ፣ በርና መስኮት፣ የሳኒተሪና የመብራት ዕቃ እናንተ ታቀርባላችሁ፤ እሱ የእጅ ሥራውን ይሠራል። ከክፍያው የሚቀነሰው በውሉ ነጠላ ዋጋ ነው ወይስ በገዛችሁበት? ልዩነቱን ማን ይሸከማል? ይህ በቁጥር ይጻፍ። በለውጡ ደግሞ የሰው ቁጥር ጠይቁ፦ ሁለት የሴራሚክ ቡድን፣ አንድ የኤሌክትሪክ፣ አንድ የቧንቧ፣ በየቀኑ በሳይቱ መዝገብ የሚፈረምባቸው። ዝናብ ነበረ ብሎ ያቀረበው የጊዜ ማራዘሚያ ካለም በዚያው መዝገብ ይመዘን፤ ዝናብ ቁፋሮ፣ ኮንክሪትና ጣሪያ ያስቆማል፣ የውስጥ ልስን አያስቆምም።


ውሃና ጉድጓድ፦

የፓምፑን ተከላ ማቆም አልነበረባችሁም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ 3.4 ለመጠጥ አይሆንም፣ ይህ አያከራክርም። ለእጅ መታጠቢያ፣ ለወለል፣ ለአንሶላ አጠባ፣ ለሽንት ቤትና ለሻወር ግን ምንም ችግር የለበትም። ጤና ጣቢያ ውስጥ አብዛኛው ውሃ የሚሄደው ለዚህ ነው።

ቁጥሩን አብረን እናስላ። የተለመደው ስሌት ለአንድ ወሊድ 100 ሊትር፣ ለአንድ ተኝቶ ታካሚ በቀን ከ40 እስከ 60፣ ለአንድ ተመላላሽ 5 ሊትር ነው። በቀን 3 ወሊድ ብትይዙ 300፤ 14 አልጋ በ60 ሲባዛ 840፤ 100 ተመላላሽ 500፤ ድምሩ 1,640 ሊትር። ለሦስት ቀን መጠባበቂያ አንድ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ይበቃል። ከዚህ ውስጥ ለመጠጥና ለማብሰያ የሚውለው ስንት ነው? በማቆያው ያሉ 8 እናቶችና 8 አስታማሚዎች እያንዳንዳቸው ሰባት ሊትር ተኩል ቢሉ 120፤ ለተመላላሹ ግማሽ ግማሽ ሊትር 50፤ ከሠራተኛው ጋር በቀን 200 ሊትር ገደማ። የምታጣሩት ይህን 200 ሊትር እንጂ 1,640ውን አይደለም። የወጪው ልዩነት ፕሮጀክቱን የሚያስቆምና የሚያስኬድ ልዩነት ነው።

መጀመሪያ ግን ናሙናውን ድገሙት። ከፓምፒንግ ቴስት (ውሃው በፓምፕ እየተሳበ የጉድጓዱ አቅም ከሚለካበት ሙከራ) በኋላ እንጂ ጉድጓዱ በታጠበ ማግሥት አይወሰድ። ጠርሙሱ ፕላስቲክ ይሁን፤ ፍሎራይድ ከብርጭቆ ጋር ስለሚዋሃድ ንባቡን ያዛባል። በራሱ ውሃ ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ አንድ አንድ ሊትር ለሁለት የተለያዩ ላቦራቶሪዎች ይላክ፤ በኤሌክትሮድ እንዲለኩላችሁ ጠይቁ። በቀለም ንጽጽር የሚሠራው የመስክ ኪት እንደ ስምጥ ሸለቆው አልካላይን ውሃ ላይ ይሳሳታል።

ለመጠጡ ሦስት መንገድ አለ። በአቅራቢያ ዝቅተኛ ፍሎራይድ ያለው ውሃ ካለ ማደባለቅ ከሁሉ ይቀላል። ያኛው 0.5 ቢሆን፣ አንድ እጅ ከእናንተ ጉድጓድ ከሁለት እጅ እሱ ጋር ሲቀላቀል ወደ 1.47 ይወርዳል፤ ወሰኑ ሥር ነው፣ ግን በጭንቅ፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ከዚያኛው ማመላለስ ቢቻል ይሻላል። ሁለተኛው የአጥንት ከሰል ማጣሪያ ነው። ከሰሉ ጥቁር ከሆነ በቂ አልተቃጠለም፣ ውሃው እንዲሸት ያደርጋል፤ ነጭ ከሆነ አልፎ ተቃጥሏል፣ የመያዝ አቅሙ ወድቋል፤ የሚፈለገው ግራጫ ነው። ማጣሪያው እያደር እየጠገበ ስለሚሄድ በየወሩ የሚወጣው ውሃ ይለካ፤ 1.5 ሲያልፍ ከሰሉ ይቀየር። አጥንቱ ከየትኛው እንስሳ፣ ከየትኛው ቄራ እንደመጣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይጠይቃል፤ ማጣሪያው ከመተከሉ በፊት ከሃይማኖት አባቶችና ከሽማግሌዎች ጋር ተነጋገሩ። ሦስተኛው የአሉምና የኖራ ዘዴ ነው፤ በየቀኑ መዝኖ የሚጨምርና ዝቃጩን የሚያስወግድ ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሰው የሄደ ዕለት ይቆማል። ለጤና ጣቢያ አልመክረውም።

ማፍላት ፍሎራይድን አይቀንስም፤ ውሃው ስለሚተን እንዲያውም ያከረዋል። ክሎሪንም አይነካውም። ይህን ለጤና ባለሙያዎቹ ጭምር ንገሯቸው፤ «አፍልታችሁ ጠጡ» የሚለው ምክር እዚህ ቦታ ላይ ይጎዳል።

መስመሩ ሁለት ይሁን፣ ሮቶውም ሁለት፤ ትልቁ ለአገልግሎት፣ ትንሹ ለመጠጥ። በመሐላቸው ቫልቭ አታስገቡ። ቫልቭ ካለ የመጠጡ ሮቶ ባዶ የሆነ ቀን አንድ ሰው በቅንነት ይከፍተዋል። ሌላው ደግሞ ከአጥር ውጭ ለነዋሪው ቦኖ ቃል ገብታችሁ ከሆነ ከዚህ ጉድጓድ አታገናኙት። የቋሚ ጥርስ ጉዳት የሚደርሰው ጥርሱ ድድ ውስጥ ገና ሲሠራ፣ በልጅነት ነው፤ አንዴ ከበለዘ አይመለስም።


ሲስተር አዋላጅ፦

ሁለቱም ወንድሞች ያሉት እንዳለ ሆኖ፣ ከሁሉ በፊት የቀን መቁጠሪያ እንይ። ጥር መጨረሻ ላይ ናችሁ። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ወረዳው የሰው ኃይልና የሥራ ማስኬጃ ጥያቄውን የሚያሰባስበው ከዚያ ብዙ ወራት ቀድሞ በበጋ ነው፤ ቀኑ ከወረዳ ወረዳ ትንሽ ይለያያል። አዋላጅ የሚቀጠረው ክፍት መደብ ሲኖርና ደመወዙ በወረዳው በጀት ሲያዝ ነው። ጥያቄው በዚህ ዙር ካልገባ ሕንፃው ግንቦት ላይ ቢያልቅም የሚሠራበት ሰው የሚገኘው ከአንድ ዓመት በኋላ ይሆናል። ስለዚህ ወረዳው «ጨርሱና እንረከባለን» ሲል አትቀበሉ። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ፋይናንስና ሲቪል ሰርቪስ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የመደቡ ቁጥር በቃለ ጉባኤ ይፈረም።

ስንት ሰው? ሳምንት 168 ሰዓት አለው። አንድ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠራ፣ አንድ አዋላጅ ሌት ተቀን ክፍሉ ውስጥ እንድትኖር ብቻ ከአራት በላይ ሰው ያስፈልጋል። በሦስት የሚሸፈነው ዲዩቲ (ከመደበኛ ሰዓት ውጭ የሚሠራ ተረኛነት) ሲከፈል ነው፤ የዲዩቲ ክፍያ በጀት ካልተያዘ ማታ ማታ ክፍሉ ይዘጋል። ምጥ ደግሞ ሌሊት ይበዛል።

የድርጅቶች ዕቅድ ላይ ብዙ ጊዜ የማይታየው ነገር የማዋለድ አገልግሎት ነፃ መሆኑ ነው። ጤና ጣቢያው ከመድኃኒት ሽያጭና ከማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን የውስጥ ገቢ ያገኛል፤ ከወሊድ ግን አያገኝም። ወሊዱ በእጥፍ ሲጨምር ጓንቱ፣ የእምብርት ማሰሪያው፣ ማግኒዝየም ሰልፌቱና ኦክሲቶሲኑ በእጥፍ ያልቃል፣ ገቢው ባለበት ይቆያል። ጤና ጣቢያው ለመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በየሁለት ወሩ በሚልከው የሪፖርትና የጥያቄ ፎርም ላይ መጠኑ የሚሰላው ካለፈው ፍጆታ ነው። ፍጆታው ገና ዝቅተኛ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ላይ የሚመጣው ያንሳል። ድርጅታችሁ በጀት የሚተርፈው ከሆነ የመጀመሪያውን የአራት ወር የፍጆታ ዕቃ ይሸፍን፤ ከግድግዳ ሥዕል ይልቅ እዚህ ላይ ይዋል። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀመጥ ለክፍሉ ማቀዝቀዣ መኖሩንም አረጋግጡ።

አሁኑኑ ሊከፈት የሚችል አንድ ነገር አላችሁ፤ የእናቶች ማቆያው። አልጋ፣ የሚታጠብ ሽፋን ያለው ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ሽንት ቤት፣ ሻወር፣ መብራትና ጭስ ማውጫ ያለው ማብሰያ ቤት ነው የሚፈልገው። ሩቅ ቀበሌ ያለችው እናት መውለጃዋ ሁለት ሳምንት ሲቀራት መጥታ ብትተኛ ያችው አንዲት አልጋ እንኳ በሰዓቱ ትደርስላታለች። መሐንዲሱ የሴራሚክና የቧንቧ ቡድኖቹን መጀመሪያ ማቆያው ላይ ያሰማራልን፤ በከፊል ርክክብ ይከፈት። ማብሰያውን በደንብ ሥሩት። ገንፎ የሚገነፋበት ትልቅ ብረት ድስት የሚቀመጥበት ዝቅ ያለ ምድጃ፣ የቡና ረከቦት የሚዘረጋበት ወለል፣ የእህልና የዱቄት ማስቀመጫ ከአይጥ የራቀ መደርደሪያ። እናት ከቤቷ ርቃ የምትቆየው ቤት ቤት ሲሸት ነው።


ባዮሜዲካል፦

ሻጩን «አትጫን» በሉት፣ ዛሬ። ዕቃው ከመጫኑ በፊት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የማስገቢያ ፈቃድ ይወጣል፤ ከቀረጥ ነፃ የሚገባ ከሆነም የጤና ቢሮው ወይም የሚኒስቴሩ የድጋፍ ደብዳቤ ተያይዞ ቀድሞ ይጠየቃል። ወረቀቱ ሳይያዝ ሞጆ ደረቅ ወደብ የደረሰ ኮንቴይነር በየቀኑ የመጋዘን ኪራይና ዲመሬጅ (የኮንቴይነር ማዘግያ ክፍያ) ይቆጥራል። ከዕቃው ዋጋ የሚስተካከል ኪራይ ላይ መድረስ ከባድ አይደለም።

ሌላው የዋስትና ጊዜ ነው። አብዛኛው ሻጭ 12 ወር ዋስትና የሚቆጥረው ዕቃው ለመላክ ከተጫነበት ቀን ነው። ሕንፃው ስድስት ወር ከዘገየ የዋስትናው ግማሽ ሣጥን ውስጥ ያልቃል። ዕቃው ገና እዚያው እያለ «ከተተከለበትና ከተሞከረበት ቀን ጀምሮ» ብላችሁ አስለውጡ፤ ከተጫነ በኋላ ማንም አይሰማችሁም።

ዝርዝሩን ለሁለት ክፈሉት። የማዋለጃ አልጋ፣ ቃሬዛ፣ የግሉኮስ መስቀያ፣ የሕፃን ሚዛን፣ የምርመራ መብራት፣ መጋረጃ አዲስ አበባ ይገኛል፤ የተሰበረው ብሎን እዚሁ ይተካል። ከውጭ የሚመጣው የግድ የሆነው ብቻ ይሁን። ለዚያም 220 ቮልት 50 ኸርዝ መሆኑን፣ ሶኬቱ እዚህ የሚገባ መሆኑን፣ መለዋወጫው (ፊውዝ፣ የሙቀት ፕሮብ፣ ማጣሪያ) አብሮ መምጣቱን በጽሑፍ ያዙ።

አውቶክሌቩ (የሕክምና ዕቃን በእንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳው ማሽን) ሥሪፌዝ (ባለ ሦስት መስመር የኤሌክትሪክ ኃይል የሚፈልግ) ከሆነ ጤና ጣቢያው ሥሪፌዝ መስመር እንዳለው መጀመሪያ ጠይቁ። ከሌለው ትራንስፎርመር ማሳደግ ሌላ የወራት ጥያቄ ነው። መብራት ለሚቆራረጥበት ቦታ በምድጃም በኤሌክትሪክም የሚሠራው የቁም አውቶክሌቭ ይሻላል። በ121 ዲግሪ፣ በ15 ፒኤስአይ፣ የተጠቀለለ ዕቃ 30 ደቂቃ፣ ያልተጠቀለለ 20፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው ሙቀቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ውስጡ የሚጨመረው ማዕድን የወጣለት (ዲስቲልድ) ውሃ ይሁን፤ የጉድጓዱ ውሃ ድንጋይ ይሠራበታል።

በመጨረሻም ርክክብ ሲደረግ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ያስቆርጡ። በሞዴል 19 ያልገባ ዕቃ በንብረት መዝገብ የለም፤ በመዝገብ የሌለ ዕቃ ሲበላሽ የጥገና በጀት አይጠየቅለትም፤ ጥግ ይቆማል።


የማኅበረሰብ ክፍል (ጠያቂ)፦

ኢንጂነር፣ ሲስተር፣ ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልን። ዋስትናውን አየነው፤ የካቲት 20 ያበቃል፤ የማራዘሚያ ደብዳቤው ነገ ለባንኩ ይገባል። ሻጩንም አስቁመነዋል። ሁለት ጥያቄ ቀረን። እስከ ሐምሌ ድረስ የአዋላጆቹን ደመወዝ ድርጅቱ ቢከፍልስ? ሪፖርቱንስ በምን እንተካው?


የፕላን ባለሙያ፦

ደመወዙን አትክፈሉ፤ ወይም ከከፈላችሁ በመንግሥት እርከንና በወረዳው የቅጥር ደብዳቤ ይሁን። ድርጅት ከፍ አድርጎ ሲከፍል በዙሪያው ካሉ ጤና ጣቢያዎች አዋላጅ ይሳባል፤ ያኛው ቀበሌ ይራቆታል። ድጎማው ሲቆም ደግሞ ሰውየው ይለቃል። ቀድሞ የተፈረመ «ከሐምሌ 1 ጀምሮ ወረዳው ይረከባል» የሚል ሰነድ ከሌለ አትግቡበት።

ሪፖርቱ ላይ መቶኛውን ለክፍያ ብቻ ተዉትና አገልግሎት የሚጀመርባቸውን ደረጃዎች ጻፉ፦ ማቆያው የመጀመሪያዋን እናት የሚቀበልበት፣ የአገልግሎት ውሃ በቧንቧ የሚወርድበት፣ የመጠጡ ውሃ ከ1.5 በታች ሆኖ የሚለካበት፣ መደብ የሚጸድቅበት፣ የማስገቢያ ፈቃድ የሚወጣበት፣ አውቶክሌቩ የሚሞከርበት፣ አዲሱ ክፍል ውስጥ የመጀመሪያው ወሊድ። በእያንዳንዱ ፊት ለፊት መጀመሪያ የታቀደው ቀን፣ አሁን የሚጠበቀው ቀን፣ ጉዳዩ በማን እጅ እንዳለ ይቀመጥ። የመጀመሪያው ቀን አይሰረዝ፤ ከአዲሱ ጎን ይታይ። ዋናው መሥሪያ ቤት 85 ከሚለው ይልቅ «ፈቃዱ ባለሥልጣኑ ጋር ነው፣ መደቡ ወረዳው ጋር ነው» የሚለውን ሲያይ የት መደወል እንዳለበት ያውቃል። ያንኑ ገጽ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በኦሮምኛም በአማርኛም ለጥፉ፤ የፍሎራይዱንም ነገር አትደብቁ።


ሲስተር አዋላጅ፦

በደመወዙ ላይ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። አራት ወር ሌሊት ከሚዘጋ ክፍል፣ በመንግሥት እርከን የተከፈለ ዲዩቲ ይሻላል። አዲስ ሰው አትቅጠሩ፤ አሁን ላሉት አዋላጆች የዲዩቲውን ክፍያ በጤና ጣቢያው በኩል ሸፍኑ። ሰው ከሌላ ቦታ አይሳብም፣ ሲቆምም የሚለቅ የለም።


የማኅበረሰብ ክፍል (ጠያቂ)፦

ይህ ያስኬደናል፣ ሲስተር። ዛሬ የሥራ ዝርዝሩን መስመር በመስመር ስናነብ ደግሞ የፕላሴንታ ፒትም (የእንግዴ ልጅ መጣያ ጉድጓድ) የቆሻሻ ማቃጠያውም ጭራሽ አልገቡም። ተቋራጩ ተራ ጉድጓድ ልቆፍር ይላል።


ሲስተር አዋላጅ፦

ተራ ጉድጓድ አይሆንም። ወደ 1 ሜትር ስፋትና እስከ 3 ሜትር ጥልቀት ይኑረው፤ ጎኑ አፈሩ እንዳይናድ በኮንክሪት ቀለበት ወይም በግንብ ይያዝ፣ ታችኛው ግን ክፍት ይሁን፣ ፈሳሹ ይስረግ። ከታችኛው ጫፍ እስከ ከርሰ ምድር ውሃው ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ፤ ከጉድጓድ ውሃችሁ ደግሞ ከ50 ሜትር አይቀርብ፣ በውሃው ፍሰት የታችኛው ወገን ይሁን። ላዩ የኮንክሪት ክዳን፣ የሚቆለፍ ትንሽ መክፈቻ፣ ጫፉ በወንፊት የተሸፈነ የጋዝ ማውጫ ቧንቧ ይኖረዋል። የጎርፍ ውሃ እንዳይገባ ዙሪያው ከፍ ይበል። ውስጡ በረኪና አይጨመርበት፤ መበስበሱን ያዘገየዋል፣ ጉድጓዱም ቶሎ ይሞላል። ከማዋለጃ ክፍሉ እስከዚያ የሚወስደው መንገድ ሌሊት የሚበራ መብራት ይኑረው፤ ባልዲውን ይዛ የምትሄደው የጽዳት ሠራተኛ ናት። ደግሞም የእንግዴ ልጁን ወስደው በራሳቸው ደጅ መቅበር የሚፈልጉ ቤተሰቦች አሉ፤ ክዳን ያለው ማሸጊያ ከዕቃዎቹ ዝርዝር ውስጥ ጨምሩላቸው።